አንዴ ብቻ ነው የሚጠይቁህ

ባለፈው ሐምሌ ከምኖርበት ከጀርመን ለእረፍት አዲስ አበባ ገብቼ ፒያሳ አንድ ካፌ ከአብሮ አደጎቼ ጋር ተቀምጠናል። ፒያሳ ስል የቀረችዋን ፒያሳ ነው። በ2016 ብዙው ሰፈር ስለፈረሰ፣ እዚያው ተወልጄ ያደግኩት እኔ ካፌው ድረስ መንገድ ጠይቄ ነው የሄድኩት። የጠየቅኩት ሰውዬ በእጁ ጠቁሞኝ ማለፍ ሲችል ጉዳዩን ትቶ በር ድረስ አደረሰኝ።

ሂሳብ ሲመጣ የተለመደው ጦርነት ተነሳ። አምስት እጅ አንዴ ኪስ ገባ። «እኔ ነኝ የምከፍለው»፣ «ኧረ በእናትህ»፣ «ዛሬስ አትሞክራትም»። አስተናጋጇ የማንን ብር እንደምትቀበል ግራ ገብቷት ቆማለች። አንዱ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ እንግዳ ነህ፣ ኪስህ እንዳትገባ» አለኝ። እኔም «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ማኪያቶዬን ጠጣሁ።

ጠረጴዛው ጸጥ አለ።

«ኧረ ሰውየው! ትንሽ እንኳ አትግደረደርም?» አለ ከፋዩ። ሌላው «ፈረንጅ ሆኗል በቃ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ያቺ የማትቀር ጥያቄ መጣች። «እዚያ ግን ሰው ለሰው አያዝንም አይደል? ብትወድቅ ዘሎህ ነው የሚሄደው ይባላል።»

ምን ልበላቸው? ሙኒክ ሁለት ዓመት ግድግዳ የተጋራን ጎረቤቴ ስሜን አያውቅም። በሬን የሚያንኳኳው ቡና ስቆላ ጢሱ ሲሸተው ብቻ ነው። እንዳልዋሽ ግን ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ ጎረቤቴ ሳይሆን የእንቁላሉ ነገር ነው።

በሄድኩ የመጀመሪያው ገና ነው። እነሱ የራሳቸውን ገና አክብረው ጨርሰው ዛፉን ከቆሻሻ ጋር አውጥተውታል። እኔ 43 ቀን ጾሜ የምፈስክበት ቤት የለኝም። ቴገርንዜ በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ ሆቴል ውስጥ ወጥ ቤት የሚሠራ የአገሬ ልጅ «ዶሮ ተሠርቷል፣ ና» ብሎ ደወለልኝ። ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ባቡር ላይ። ቀኑን ሙሉ ምንም አልቀመስኩም። ዶሮ ወጥ እየጠበቀኝ ዳቦ ምን በወጣኝ?

ፊት ለፊቴ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። ትንሽ እንደሄድን ከቦርሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ቅቤ የተቀባ ጥቁር ዳቦ ነው። የተቀቀለ እንቁላል በስሱ ተቆርጦ ተደርድሮበታል። ጨው ነሰነሱበት። ማፍጠጤን አውቀውብኝ መሰለኝ አንዱን ወደ እኔ ዘረጉልኝ። እኔ ደግሞ በሥርዓት ያደግኩ ልጅ ነኝ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ናይን፣ ዳንከ» አልኩ።

ይህ «ናይን» በጀርመንኛ ይነገር እንጂ የእኛው እንቢታ ነው። ትርጉሙ «እስቲ ደግመው ይለምኑኝ» ማለት ነው። ሲደግሙ «ኧረ ግድ የለም» እላለሁ። ሲሠልሱ፣ ለእሳቸው ስል እቀበላለሁ። ሴትየዋ ግን «ጉት»፣ «መልካም» እንደ ማለት፣ ብለው ዳቦውን መልሰው ጠቀለሉት። ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ዚፑን ዘጉት። ያ የዚፕ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

የዚያ መስመር ባቡር ደግሞ አንድ ጉድ አለው። ከሙኒክ አንድ ሆኖ ይነሳና ሆልትስኪርሽን የሚባል ጣቢያ ሲደርስ ይቆረጣል። አንዱ ክፍል ወደ ባይሪሽጼል ይታጠፋል። የቀረው ሻፍትላህ ላይ እንደገና ለሁለት ይከፈልና አንዱ ቴገርንዜ፣ ሌላው ሌንግሪስ ይገባል። የምትደርስበትን የሚወስነው የተቀመጥክበት ፉርጎ ነው። በድምፅ ማጉያ ተናግረዋል። እኔ ግን በሦስት ወር ጀርመንኛዬ ላይ ስለ እንቁላሉ እያሰብኩ ነበር። ደግሞስ ማን ይጠረጥራል? የድሮው የለገሃር ባቡር ቢዘገይም ድሬዳዋ ነበር የሚገባው። መሃል መንገድ ላይ ሐሳቡን አይቀይርም ነበር።

ሐይቅ ሳይ «ደረስኩ» ብዬ ተነሳሁ። ሐይቁ ሌላ ሐይቅ ነው፣ ሽሊየርዜ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ተራራ ብቻ። በመጨረሻ ባቡሩ ቆመ፣ ሰው ሁሉ ወረደ፣ መብራቱ ጠፋ። ባይሪሽጼል። ከዚያ ወዲያ ሐዲድም የለ።

በእኛ አቆጣጠር ገና አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው፣ ግን ድቅድቅ ብሏል። በረዶው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ስልኬ ብርዱን አልቻለውም፣ ዘጋ። የባቡር ሰሌዳውን አፍጥጬ ሳነብ እነዚያው ሴትዮ መጡ። ባለቤታቸው መኪና አስነስተው እየጠበቋቸው ነው። «ወዴት ነህ?» አሉኝ። «ቴገርንዜ።» ዞረው ከባለቤታቸው ጋር ተያዩ። «እናድርስህ?»

እኔ ምን አልኩ? «ናይን፣ ናይን፣ አላስቸግርም።»

«ጉት» አሉ። ገቡ። በሩን ዘጉ። መኪናው ሄደ።

ያኔ ነው የነቃሁት። «ያ! ያ! ቢተ!»፣ «አዎ! አዎ! እባካችሁ!» እያልኩ ተከትዬ ስሮጥ አንሸራተተኝና በደረቴ ተዘረጋሁ። የአበሻ ኩራት በረዶ ላይ በፊቱ ተደፍቶ አስቡት። «ብትወድቅ ዘሎህ ይሄዳል» ላላችሁኝ፣ ወድቄ አይቼዋለሁ። ቀዩ የፍሬን መብራት በራ። ሽማግሌው ወርደው ኮቴን አራገፉልኝ። ምንም አላሉም። የኋላውን በር ከፈቱልኝ።

ወደ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው፣ በዚያ በረዶ። ቤታቸው ከጣቢያው በእግር አምስት ደቂቃ እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። ብዙውን መንገድ ዝም ብለን ሄድን። «ከየት ነህ?» አሉኝ ሽማግሌው። ስነግራቸው «ካርልሃይንስ በም!» አሉ። ሰዎች ለሰዎችን ያቋቋመው ካርል። በ1981፣ በእኛ 1973 ግንቦት መሆኑ ነው፣ ይህ ተዋናይ በቴሌቪዥን ተወራረደ። «ከተመልካቹ ሢሶው እንኳ አንዳንድ ማርክ ለተራበ አይሰጥም» አለ፤ ማርክ የድሮው የጀርመን ገንዘብ ነው። ውርርዱን አሸነፈ። ቢሆንም የተዋጣው ከ1 ሚሊዮን ማርክ በላይ ስለነበር ገንዘቡን ይዞ እኛ አገር መጣ፣ ሥራውንም ኤረር ሸለቆ ጀመረ። ይህን ሁሉ ሽማግሌው አስታውሰው ነገሩኝ። ከዚያ ዝም አሉና «እኔ ያኔ ማርኳን አልላክኩም» አሉ።

የምለው ሲጠፋኝ «የዛሬው ቤንዚን ከአንድ ማርክ ይበልጣል» አልኩ። ሴትየዋ ሳቁ።

ቴገርንዜ ስንደርስ ጓደኛዬና ሚስቱ በር ላይ ናቸው። አድርሰውኝ ሊመለሱ ሲሉ የጓደኛዬ ሚስት የአሮጊቷን ክንድ ያዘች። «ሳይቀምሱ? በዓመት በዓል? አይሆንም!» ሴትየዋ «ናይን፣ ዳንከ» አሉ። ማን ሰምቷቸው! «በሞቴ» አለች። ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው። ደነገጡ። «ማን ነው የሚሞተው?» አሉ። እንዲህ እየተጎተቱ ገብተው ተቀመጡ። መጀመሪያ የተጎረሱት ወጥ ያለበት ግማሽ እንቁላል ነው። በርበሬው እንባቸውን አወረደው። ሽማግሌው ግን ድፍን እንቁላል ጨርሰው ሳሕኑን በእንጀራ ጠረጉ።

እናንተ ፕሮሰስ ላይ ያላችሁ ልጆች፣ እዚህ ላይ አንድ ሁለት ነገር ልበል። ሲጠይቋችሁ መጀመሪያውኑ እሺ በሉ። ሁለተኛ ዙር የለም። «ናይን» ካላችሁ ናይን ነው፣ ቃላችሁን አክብረው ይተዋችኋል። ይህን ጭካኔ ብላችሁ ስንት ዓመት ታኮርፉ ይሆናል፣ እኔ አኩርፌ አውቃለሁ። ባቡር ስትሳፈሩ የፉርጎው በር ላይ የተጻፈውን አንብቡ። በክረምታቸው ስልካችሁን የውስጥ ኪስ ክተቱ። ደግሞ ደግ ሰው አይጠፋም ብላችሁ ባዶ እጃችሁን እንዳትወጡ። እኔን መኪና ላይ ያሳፈሩኝ ሰዎች ወረቀት አልጠየቁኝም። የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው መስኮት ላይ ግን ወድቃችሁ ብትንከባለሉም ፍሬን የሚይዝ የለም።

ይህን አውርቼ ስጨርስ ከፋዩ «ቢሆንም ትንሽ ብትግደረደር ምን ነበረበት?» አለኝ።

ስንለያይ ሐምሌ ሥራውን ጀመረ። ወደ ጊዮርጊስ ልወጣ ብዬ አንድ ሱቅ ጥግ ተጠለልኩ። ጥቁር ጃንጥላ የያዘ ሰው ሲያልፍ አየኝና ቆመ። «ና ግባ ወንድሜ።»

«እሺ» አልኩት ወዲያው፣ ገባሁም።

«ኧረ በእናትህ ግባ» ይለኛል ጃንጥላው ሥር ቆሜ። «ምን ችግር አለው፣ እዚህችው እኮ ነው፣ በሞቴ!»