አሜሪካዊቷም ለእንጀራ ትሰደዳለች

ፊኒክስ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ አረጋውያንንና ሕሙማንን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ እስከ መሳፈሪያው በር የማድረስ ሥራ ነበረኝ። በጥቅምት ወር አንድ ምሽት የከተማዋን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን፣ የመርኩሪን ማልያ የለበሱ አንዲት አሜሪካዊት አዛውንት ደረሱኝና፣ ሴቶቹ ባለፈው ወር የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮን መሆናቸውን ሰምቼ ስለነበር ቀጣዩ ጨዋታቸው መቼ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «እስከ ግንቦት ጨዋታ የለም፤ ዳያና ደግሞ ሩሲያ ሄዳለች፤ እዚያ ነው ደኅና የሚከፍሏት» አሉኝ። የቋንቋ ችግር መስሎኝ አስደገምኳቸው። አሜሪካዊት፣ ያውም ዋንጫ ያነሳች፣ ደኅና ደመወዝ ፍለጋ ወደ ሰው አገር ትሄዳለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እኔ ከዚያ በፊት አራት ዓመት አቡ ዳቢ ውስጥ በሰው ቤት ሠርቻለሁ። አሠሪዬ ፓስፖርቴን ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበት ስለነበር፣ መልሼ ያየሁት ወደ አገሬ በተሳፈርኩበት ቀን ነው። ስደት ማለት ለእኔ ይህ ነበር። ስለዚህ የአዛውንቷ ነገር ከንክኖኝ፣ በእረፍት ሰዓቴ በስልኬ ስለ ቡድኑ ኮከብ ስለ ዳያና ታውራሲ ማንበብ ጀመርኩ።

ዳያና ራሷ የስደተኞች ልጅ ናት፤ አባቷ ጣሊያን ተወልዶ አርጀንቲና ያደገ፣ እናቷ አርጀንቲናዊት ሲሆኑ እሷ ያደገችው ካሊፎርኒያ ነው። በ2004 መርኩሪ ከአዲስ ተጫዋቾች ሁሉ አስቀድሞ ሲመርጣት የመጀመሪያ ዓመት ደመወዟ አርባ ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። የአሜሪካ የሴቶች ሊግ ያኔ ከግንቦት እስከ መስከረም ይካሄድ ነበር፤ የአውሮፓው በጥቅምት ጀምሮ ወደ ሚያዝያ ይዘልቃል። ሁለቱን የምትጫወት ሴት አንዱን ሥራ ጨርሳ ሌላው ላይ የምትገባ ናት፤ እዚህ ከተማ ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ሆቴል የሚሠሩ ወንድሞቻችን እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ዳያና እንዲህ እያለች አሥር ዓመት ሞላት። በ2015 በኡራል ተራሮች አጠገብ ያለው የየካተሪንበርግ ክለብ፣ ባለቤቱ የመዳብ ኩባንያ ነው፣ በአሜሪካው ወቅት ቤቷ ተቀምጣ እንድታርፍ ገንዘብ ከፈላት። ክለቡ ለአንድ የውድድር ዘመን ይሰጣት የነበረው 1.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደነበር ጋዜጦች ጽፈዋል፤ አገሯ ውስጥ ከፍተኛው ደመወዝ 107,000 ዶላር ነበር። ብዙ ደጋፊ ከዳችን ብሎ ተቀየማት። እኔ ግን ሒሳቡን አይቼ ልቀየማት አልቻልኩም።

ይልቅ የገረመኝ የገንዘቡ ምንጭ ነው። ከየካተሪንበርግ በፊት ለሞስኮው ስፓርታክ ስትጫወት ከፋዩ ሻብታይ ካልማኖቪች የሚባል ባለጸጋ ነበር፤ ከሶቪየት ኅብረት ወደ እስራኤል የፈለሰ፣ እዚያም ለሶቪየቶች ሰልሏል ተብሎ ተፈርዶበት አምስት ዓመት ያህል የታሰረ ሰው። ለተጫዋቾቹ እጁ እንደማይሰስት ይነገርለታል። ክለቡ ግን የሚኖረው ከትኬት ሽያጭ ሳይሆን ከእሱ ኪስ ነበር። በኅዳር 2009 ሞስኮ ውስጥ መኪናው ውስጥ እንዳለ በጥይት ተገደለ፤ ሴቶቹም ያን የውድድር ዘመን ቀጥለው የአውሮፓን ዋንጫ ለአራተኛ ጊዜ በተከታታይ አነሡ። ኑሮው በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ሰው፣ ያ ሰው በሌለበት ማግስት ምን እንደሚሰማው አቡ ዳቢ ሳለሁ ጥቂት ቀምሻለሁ፤ የእኛ ቤት ጌታ በታመሙ ጊዜ ሠራተኞቹ ሁላችንም እንቅልፍ አጥተን ነበር።

ዳያና ቱርክም ሄዳ ነበር። በ2010 መጨረሻ የተከለከለ መድኃኒት ተገኘባት ተብሎ የኢስታንቡሉ ክለብ ፌነርባቼ ውሏን አፈረሰ፤ በየካቲት ላቦራቶሪው ራሱ ውጤቱን ሻረ። ሥራው ግን ሄዷል።

የብሪትኒ ግራይነር ነገር ሲመጣ እኔ አሁንም አውሮፕላን ማረፊያው ነበርኩ። እሷም የመርኩሪ ተጫዋች፣ እሷም ለየካተሪንበርግ የምትሠራ። በየካቲት 2022 ወደ ሥራዋ ስትመለስ በሞስኮው ሸረሜትየቮ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣዋ ውስጥ አንድ ግራም እንኳ የማይሞላ የካናቢስ ዘይት ተገኘ፤ በነሐሴ 9 ዓመት ፈረዱባት። በዚያ ክረምት ስታዲየም ገብቼ የላይኛው ርካሹ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስመለከት፣ ወለሉ ላይ የስሟ ምህጻርና 42 የሚለው ቁጥሯ ተለጥፏል፤ ተጫዋቾቹም እሱን እየረገጡ ይሮጣሉ። በታኅሣሥ አሜሪካ ውስጥ ታስሮ በነበረው ሩሲያዊ የመሣሪያ ነጋዴ በቪክቶር ቡት ስትለወጥ ልውውጡ የተደረገው አቡ ዳቢ ነበር። ሁለቱ አስፋልቱ ላይ ሲተላለፉ በቴሌቪዥን ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ እኔም ነጻ የወጣሁት ከዚያች ከተማ ነውና። ደስታዬ ግን ንጹሕ አልነበረም። በ2020 ቤሩት ውስጥ አሠሪዎቻቸው አውጥተው መንገድ ላይ የጣሏቸው እህቶቻችን ትዝ አሉኝ፤ እነሱን የሚለውጥ መንግሥት አልነበረም። ስደት አንድ ነው ሲባል የምሰማው ከዚያ ወዲህ አይዋጥልኝም።

በግንቦት 2023 ብሪትኒ ፊኒክስ ላይ በተመለሰችበት ጨዋታ ነበርኩ፤ 27 ነጥብ አስቆጥራ ቡድኑ ተሸነፈ፣ ሕዝቡ ግን ያሸነፈ ይመስል ነበር። ከብሔራዊ ቡድን ጋር ካልሆነ ውጭ አገር ሄጄ አልጫወትም ማለቷን ቀደም ብዬ አንብቤ ነበር። ሊጉም በዚያው ዓመት ከአውሮፓ ዘግይታ የምትመለስን ተጫዋች መቅጣት ጀመረ፤ እኔን ብትጠይቁኝ፣ ደመወዙን በቅጡ ሳይጨምሩ በር መዝጋት ነበር። መፍትሔውን ያመጡት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። በ2019 ሃንጋሪ ውስጥ ለሩሲያ ክለብ ስትጫወት የተረከዝ ጅማቷ ተበጥሶ የአሜሪካው ዓመት ያመለጣት ብሬና ስቱዋርት፣ ከናፊሳ ኮሊየር ጋር ሆና በማያሚ የሦስት ለሦስት ሊግ አቋቋመች፤ በጥር 2025 ሲጀመር አማካይ ክፍያው ከ220,000 ዶላር በላይ ነበር። ዳያና በሚቀጥለው ወር ጫማዋን ሰቀለች።

በዚያ ጥር አንዲት በጣም ረጅም ወጣት በእኔ በር ወደ ማያሚ ስትሳፈር አየሁ። ተጫዋች ትሁን አትሁን አላወቅሁም፤ በእጇ የያዘችው መንጃ ፈቃድና የቡና ጽዋ ብቻ ነበር። እኔ ከዚያ ቁም ሣጥን ወዲህ፣ ሎስ አንጀለስ ያለችውን እህቴን ልጠይቅ ስሄድ እንኳ ፓስፖርቴን ሳልይዝ ከቤት አልወጣም።