ግማሹ ደብዳቤ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! በአገር ቤትም በስደትም ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ይሄን የምጽፈው ከሚኒሶታ ነው። ውጭው በረዶ ነው። ዶሮው ተገነጣጥሎ ፍሪጅ ገብቷል፣ ሽንኩርቱ ግን ገና አልተከተፈም። ሌላ ጊዜ አጭር ሰላምታ ጽፌ ወደ ጓዳዬ እገባለሁ። ዘንድሮ ግን የማወራላችሁ አለኝ።

ባለቤቴ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው፤ ዘሩ ግን ከኖርዌይ ነው። ሦስት ናቸው፦ ታላቅ እህቱ፣ እሱ፣ ታናሽ ወንድሙ ማለትም ዋርሳዬ። እናታቸው ካረፈች ወዲህ ሦስቱ አንድ ገበታ የሚቀርቡት በታንክስጊቪንግ ነው፤ እሱም ካልተኳረፉ። አንድ ቀን እህትየው ተነስታ "የአያቶቻችንን አገር ሳላይ አልሞትም" አለች። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳታል? ባለፈው ጁላይ አራት ሆነን ሄድን። እኔ በምራትነትና በሻንጣ ጠባቂነት።

ጊዜውም ገጥሞልን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1825 ሬስታውራሲዮን የምትባል ትንሽ መርከብ 52 ሰው ጭና ከስታቫንገር ወደ ኒውዮርክ ተነሳች። 53 ሆነው ደረሱ፤ መንገድ ላይ ልጅ ተወልዶ ነበር። የኖርዌይ የአሜሪካ ስደት የሚቆጠረው ከዚያ ነው። በቀጣዩ መቶ ዓመት ከ800 ሺህ በላይ ሰው አገሩን ለቅቆ ሄዷል። እኛ የሄድነው 200ኛው ዓመት ሲከበር ነው።

የነሱ ወገን ሶግን ከሚባለው ምዕራባዊው አገር ነው። ባሕሩ ተራራውን ሰንጥቆ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ይገባል። ገደሉ ከውኃው ቀጥ ብሎ ይነሳል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ እንኳን ብርሃን ነው። ዋርሳዬ አንጋጦ አየና "ምኑን አርሰው ይበላሉ?" አለ። እውነቱን ነው። ከአገሪቱ መሬት የሚታረሰው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

እኛ ጋ በድሮው ሥርዓት ርስት ለወንዱም ለሴቷም ይካፈል ነበር። እዚያ ግን የእርሻው ቅድሚያ መብት የበኩሩ ነው። የሚቀሩት ልጆች ድሮ ወይ ለሌላ ሰው ጭሰኛ ይሆኑ፣ ወይ ባሕር ይወርዱ፣ ወይ አሜሪካ ይሄዱ ነበር። የባለቤቴ ቅድመ አያት ሁለተኛ ልጅ ነበር። በ1880ዎቹ ሻንጣውን ያዘ።

እርሻው አሁንም አለ። ተቀብለው ያስተናገዱን የዚያ በኩር ወንድም የልጅ ልጅ ናቸው። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ ቦት ጫማ ያደረጉ ሴት። ግቢው ውስጥ በአጫጭር እግሮች ላይ የቆመ የእንጨት ቤት አየሁና ሳላስበው "ጎተራ!" አልኩ። ጎተራ ነው በእርግጥ። ደረጃው ከበሩ ጋር አይነካካም፤ መሃሉ አንድ እርምጃ ክፍት ነው። አይጥ እንዳትሻገር ነው አሉኝ። ለምሳ ደግሞ የኮመጠጠ ክሬም ገንፎ አቀረቡ፣ ቅቤው ላዩ ላይ እየቀለጠ። ስኳርና ቀረፋ ነሰነሱበት። በርበሬ ቢኖረው ኖሮ ማንም አያስነሳኝም ነበር።

ስም ላይ ደግሞ ካሳዬን አገኘሁ። የባለቤቴ ቤተሰብ ለዓመታት እኔና ልጆቼ ለምን አንድ የቤተሰብ ስም እንደሌለን ሲጠይቁኝ ኖረዋል። የነሱም አያቶች እንደኛው ነበሩ! የኦሌ ልጅ ላርስ ከሆነ ላርስ ኦልሰን ይባላል፤ የላርስ ልጅ ላርሰን፣ ሴት ከሆነች ላርስዳተር። ሴቷም ብታገባ የአባቷ ልጅ ናት። ሁሉም አንድ ቋሚ የቤተሰብ ስም ይያዝ የሚል ሕግ የወጣው በ1923 ነው። እህትየው ዞር ብላ አየችኝና ሳቀች።

የከበዳቸው መቃብሩ ነው። የቅድመ አያታቸውን እናት መቃብር ለማየት አበባ ይዘው ነበር የሄዱት። የለም። እዚያ አገር መቃብር ብዙውን ጊዜ ለ20 ዓመት ነው፤ ከዚያ ቤተሰብ ካልከፈለበት ድንጋዩ ይነሳና ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። እህትየው አበባውን እንደያዘች ቆመች። ባለቤቴ ተቀበላትና ከማያውቁት ሰው ድንጋይ ሥር አስቀመጠው። ሦስቱም እጅ ለእጅ ተያያዙ። በሃያ ዓመት ትዳሬ ሲያያዙ አይቼ አላውቅም።

ማታ ሴትየዋ አንድ ሣጥን አወጡ። ከአሜሪካ የተጻፉ ደብዳቤዎች። ቅድመ አያትየው ለታላቅ ወንድሙ የጻፋቸው ናቸው። እሳቸው እያነበቡ ተረጎሙልን። ስለ ስንዴ፣ ስለ ብርድ፣ ለታናሽ እህቱ ስለገዛላት የመርከብ ትኬት። አንዱ ላይ ስለ ላሟ ይጠይቃል፤ ወለደች ወይ ይላል። ዋርሳዬ "ታዲያ ወለደች?" አለ። ሴትየዋ ትከሻቸውን ነቀነቁ። መልሱ የተጻፈው ወደ አሜሪካ ነው። አሜሪካ የደረሱት ደብዳቤዎች ደግሞ አንዳቸውም የሉም። የሄደው ሰው የላካቸው ብቻ ተርፈዋል።

እኔም ሁለተኛ ልጅ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ደብረ ብርሃን አባታችን ቤት ቀርቷል። ሚኒሶታ እንደተመለስን ደወልኩለት። በድሮ ጊዜ የጻፍኩልህ ደብዳቤዎች የት ደረሱ አልኩት።

"ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ናቸዋ። የት ይሄዳሉ?" አለኝ። ትንሽ ዝም አለና "የኔንስ የት አደረግሻቸው?" አለ።

ሦስት ቤት ቀይሬያለሁ። ምን ልበለው? ቴሌግራም ከመጣ ወዲህ የሚልክልኝን ድምፅ እንኳን ሰምቼ አጠፋዋለሁ፤ ስልኬ ይሞላብኛል።

ትናንት ቤዝመንት ወረድኩ። የልጆቹን አሮጌ መጫወቻ፣ የማይሠራ ማተሚያ፣ ካርቶን በካርቶን ላይ። እስካሁን ሁለት ደብዳቤ አግኝቻለሁ። በአንደኛው ከሰላምታው ቀጥሎ ያለው መስመር "ቦራ ወለደች፣ ጥጃዋ ሴት ናት" ይላል።

ሽንኩርቱ ይጠብቀኛል። መልካም ገና።