አንቴናውን ስፖኪዮው ላይ ከማሰርህ በፊት

ለጭነት መኪናህ ሲቢ ሬዲዮ (ሾፌሮች መንገድ ላይ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሬዲዮ) ልታስገጥም ካሰብክ መጀመሪያ ስለ አንቴናው አስብ። ሬዲዮዎቹ ብዙም አይበላለጡም፤ የተለመዱት በኤኤም የሚያወጡት 4 ዋት ነው። ያቺ 4 ዋት ርቃ የምትሰማው ወይም እዚያው ጋቢናው ላይ የምትቀረው በአንቴናው ነው። የፈቃዱን ጉዳይ ደግሞ ከመግዛትህ በፊት ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ጋር ጨርስ።

ሲቢ የሚሠራው 27 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 11 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሳይጠመጠም በደንብ የሚሠራው አንቴና የዚህ ሩብ ነው፣ 2.7 ሜትር ገደማ። ይህን ሲኖ ጣሪያ ላይ ብታቆመው በእንጅባራና በዳንግላ መንገድ ያለው የዛፍ ቅርንጫፍ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሽቦው የተጠመጠመበትን አጠር ያለ ፋይበር ግላስ ከነስፕሪንጉ ውሰድ። ጥምጥሙ ወደ ጫፍ የሆነውን ምረጥ፣ ዋናው ሥራ የሚሠራበት ክፍል ከጋቢናው በላይ እንዲውል።

ምርጡ ቦታ የጣሪያው መሃል ነው። በዙሪያው ያለው ብረት የአንቴናው ግማሽ አካል ሆኖ ነው የሚሠራው። ብዙ ሰው ግን ስለሚቀል ስፖኪዮው ክንድ ላይ ያስረዋል። ይቻላል፣ ግን ክንዱ ቀለምና ጎማ ስላለበት ብዙ ጊዜ ከጋቢናው ብረት ጋር በደንብ አይገናኝም፤ ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር የኤሌክትሪክ ግንኙነት) የሌለው አንቴና ደግሞ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ዋጋ የለውም። ቀለሙን ብረቱ እስኪታይ ፋቀው፣ ከክንዱ እስከ ጋቢናው አጭርና ወፍራም ሽቦ አስር፣ የጎጃም ክረምት እንዳያዝገው ግሪስ ቀባው። ኬብሉ 50 ኦም ይሁን። ሞተር ለማየት ጋቢናው ወደፊት ሲገለበጥ እንዳይበጠስም ትርፍ ተውለት።

ከዚያ ሳትለካ እንዳትናገርበት! ኤስ ደብሊው አር መለኪያ (ከአንቴናው ወደ ሬዲዮው ምን ያህል ኃይል እንደሚመለስ የሚያሳይ) ተዋስ፣ መኪናውን ከቆርቆሮና ከግድግዳ አርቀህ በሮቹን ዝጋና ቻናል 1 እና 40 ላይ ለካ። 40 ላይ ከበለጠ አንቴናው ረዝሟል፣ 1 ላይ ከበለጠ አጥሯል። ከ1.5 በታች ካገኘህ ጥሩ ነው። ከ3 ካለፈ ግን ሬዲዮህን ልታቃጥል ትችላለህ።

አባይ በረሃ ውስጥ ግን ገደሉ ሲከልልህ አንቴናውን አትውቀስ፤ በዚያ ጥምዝ ማንኛውም አንቴና ይቸገራል። ስለዚህ ፍሬን ያስቸገረው መኪና ወይም የተናደ ድንጋይ ካየህ ደጀን አፋፍ ላይ፣ ቁልቁለቱን ሳትጀምር፣ ቆም ብለህ ተናገር። ከዚያ ታች ላሉት የመሰማት ዕድልህ የተሻለ ነው።