ሞንቲቼሎ፦ ከድንኳን ወደ ጄፈርሰን ቤት

ያደርነው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ፣ ሎፍት ማውንቴን ካምፕ ነው፤ በፓርኩ መንገድ፣ በስካይላይን ድራይቭ 79.5ኛው ማይል ላይ። ከዚያ ወደ ሞንቲቼሎ፣ ወደ አሜሪካው ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ቤት፣ ካርታ ላይ ሲያዩት ቅርብ ይመስላል፤ መንገዱ ግን ያዘገያል። እስከ ሮክፊሽ ጋፕ መውጫ 25 ማይል ተኩል አለ፣ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ነው፤ ጭጋግ ከወረደ ወይም አጋዘን ካቋረጠ እሱም አይገኝም። ቀጥሎ አውራ ጎዳና 64ን ይዞ ወደ ምሥራቅ እስከ መውጫ 121። የጠዋት ቲኬት የቆረጠ ሰው ከቲኬቱ ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀድሞ ከካምፑ ይነሳ።

ጫካው የጥቁር ድብ አገር ነው። ቅቤና በርበሬ የነካው ድስት ሳይታጠብ አይታደርም፤ እንጀራውም፣ ወጡም፣ የጥርስ ሳሙናው ሳይቀር መኪና ውስጥ ተቆልፎበት ያድራል። ድንኳን ውስጥ ቁራሽ ዳቦ እንኳ አይገባም።

ሞንቲቼሎ ስንደርስ መኪናው ታች ቀረ፤ ወደ ኮረብታው ጫፍ የሚያወጣው አውቶቡስ ነው። መግቢያው አዳራሽ ሲገቡ ዞር ብሎ ከበሩ በላይ ያለውን ሰዓት ማየት ነው። የሚያንቀሳቅሱት በገመድ የተንጠለጠሉ፣ የመድፍ አረር የመሰሉ ክብደቶች ናቸው። እሑድ እሑድ ይሞላል። ከዚያ ክብደቱ ቀን በቀን ዝቅ እያለ ግድግዳው ላይ ከተጻፈው የዕለቱ ስም ትይዩ ይደርሳል። አዳራሹ ግን ለሳምንቱ አጠረ! ጄፈርሰን ወለሉን አስበስቶ ገመዱን ወደ ምድር ቤት አወረደው። ስለዚህ ቅዳሜ ያለችው ታች ነው፤ ጉብኝቱ አለቀ ብሎ የሚሄድ ሰው አያገኛትም።

በውጭ በኩል ያለው የሰዓቱ ገጽ ደቂቃ ቆጣሪ የለውም። ደጅ ለሚሠራው ሰዓቱ ብቻ ይበቃዋል ተብሎ ነው። ደጅ የሚሠሩት ደግሞ በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ፤ ጄፈርሰን በዕድሜው ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል። ይኖሩበትና ይሠሩበት ለነበረው መልበሪ ሮው ቢያንስ አንድ ሰዓት ይመደብ፤ ለእኛ ከቤቱ ዕቃ ይልቅ እሱ ይበልጥብናል።

ሲመለሱ አውቶቡሱን ትቶ በእግር መውረድ ይሻላል፤ መቃብሩ መንገድ ላይ ነው። ሐውልቱ ላይ ራሱ የመረጣቸው ሦስት ሥራዎች ተጽፈዋል፦ የአሜሪካ የነጻነት አዋጅ፣ የቨርጂኒያ የሃይማኖት ነጻነት ሕግና የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ። ከ1801 እስከ 1809 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት መሆኑ አልተጻፈም። ከዚያ በታች መንገዱ በጫካ ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል፤ ዝናብ ከጣለበት ቅጠሉ ያዳልጣል።