የ14 ሰዓቱ ትራንዚት

ከኢትዮጵያ ውጭ ቲኬት ቢሮ መሥራት በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው ይሄ የሆነው። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ወደ አንድ የእስያ አገር ለሽርሽር ሊሄዱ ፈልገው መጡ። ለዓመታት ያጠራቀሙት ገንዘብ ነው። እኔም እንደ ራሴ ጉዳይ ያዝኩት። ፓስፖርታቸውን አየሁ፤ ከሚመለሱበት ቀን በኋላ እንኳ ከአንድ ዓመት በላይ ይቀረዋል። ቪዛው ወጥቷል፣ ሆቴሉ ተይዟል፣ ኢንሹራንሱም ተገዝቷል።

የቀረው የቲኬቱ ዋጋ ነበር። "ልጄ፣ ትንሽ ቀነስ የሚል የለም?" አሉኝ አባትየው። ፈልጌ አገኘሁ። በሌላ አገር በኩል የሚያልፍ፣ ዋጋው በጣም የሚሻል በረራ ነው፤ ግን መሃል ላይ 14 ሰዓት ያስጠብቃል። ከኤርፖርት እስካልወጡ ድረስ የትራንዚት ቪዛ እንደማይጠየቁ አረጋገጥኩና ቆረጥኩላቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

የጉዞው ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። እናትየው ናቸው። "ቢጫ ካርድ አምጡ እያሉን ነው፣ ምንድን ነው እሱ?" አሉኝ። እንቅልፌ ብን ብሎ ጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ያለንበት አገር ቢጫ ወባ የለበትም፤ ስለዚህ በቀጥታ ቢበሩ ኖሮ ማንም ክትባት አይጠይቃቸውም። ብዙ አገሮች ግን ቢጫ ወባ ያለበት አገር ኤርፖርት ውስጥ ከ12 ሰዓት በላይ የቆየ መንገደኛ ቢጫ ካርድ የሚባለውን የክትባት ማስረጃ እንዲያሳይ ያስገድዳሉ። እኔ የመረጥኩት መተላለፊያ ደግሞ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች አንዱ ነበር። ጥበቃው 11 ሰዓት ቢሆን ኖሮ ያልፉ ነበር። ግዴታውን ያመጣባቸው እኔ የቆረጥኩት ቲኬት ነው። ሮጠው ቢከተቡ እንኳ ዋጋ የለውም፤ ካርዱ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው።

ኤርፖርት ስደርስ እናትየው ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል። የሆቴሉን ወረቀት በላስቲክ ከተውት፣ በሁለት እጃቸው ይዘውታል። አባትየው ምንም አላሉኝም፤ ዝም ማለታቸው የበለጠ አመመኝ። ቼክ ኢን ላይ ያለችው ልጅ ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው። አየር መንገዶች የየአገሩን የመግቢያ ሕግ የሚያዩበት ቲማቲክ የሚባለው ሲስተም ነው፤ ሕጉ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ልጅቷ ላይ መናደድ አልቻልኩም። ሰነዱ ያልተሟላ ሰው ጭነው ቢሄዱ መልሶ ማምጣቱም ቅጣቱም በአየር መንገዱ ላይ ነው።

በማግስቱ በአጭር ትራንዚት ሄዱ። የዋጋውን ልዩነት ቢሮው ከፈለ፣ የአንድ ቀን የሆቴል ክፍያቸው ግን ተቃጠለ።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሲመጣ መድረሻውን ብቻ አላይም። የሚያርፍበትን ኤርፖርት ሁሉ ከነሰዓቱ ወረቀት ላይ አሰፍራለሁ። ሁለት የተለያየ ቲኬት ከሆነ ሻንጣው እስከ መጨረሻው ይሄዳል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ካልሄደ ሻንጣውን ለማውጣት ወደዚያ አገር መግባት ሊኖርበት ነው፣ ያኔ ቪዛ ይመጣል። ፓስፖርቱንም ቢሆን ከሚሄድበት ቀን ሳይሆን ከሚመለስበት እቆጥራለሁ። ለምሳሌ ሼንገን የሚባሉት፣ በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ከወጣችሁ በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቀረው ፓስፖርት ይፈልጋሉ፣ በዚያ ላይ ከወጣ 10 ዓመት ያልሞላው መሆን አለበት። ይሄ ሁለተኛው ብዙ ሰው ያመልጠዋል። በቪዛውም ላይ "እስከዚህ ቀን ያገለግላል" የሚለውና የተፈቀደላችሁ የቀን ብዛት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እባካችሁ ለየብቻ አንብቧቸው።

ባልና ሚስቱ ዘንድሮ ተመልሰው መጡ። ገና ሳይቀመጡ እናትየው ከቦርሳቸው ሁለት ቢጫ ካርድ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አደረጉ። ከጉዞው እንደተመለሱ ነው የተከተቡት። "ይሄ መቼ ነው የሚታደሰው?" አሉኝ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ዕድሜ ልክ እንደሚያገለግል ስነግራቸው ካርዶቹን ፓስፖርቱ ውስጥ መልሰው ከተቱ።

"እሺ ልጄ፣ አሁን መንገድ ላይ ስንት ሰዓት ነው የምንቆየው?"