ኮምጣጣ ቢራ ደሴ ገባ

እኛ ጋ ቢራ ከኮመጠጠ ይመለሳል። አስተናጋጁም ብዙ አይከራከርም፣ ቀመስ አድርጎ ፊቱን አጨፍግጎ ሌላ ያመጣል። ጠላ ከኮመጠጠ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፣ የጠማቂዋ ስም ሰፈሩን ያዳርሳል። እኔ ግን ዛሬ ሆን ተብሎ የተኮመጠጠ፣ በዚያ ላይ ሆፕ የሚባለው መራራ የቢራ አበባ የተከመረበት፣ ዋጋውም ከተራ ቢራ የሚወደድ ነገር ቀምሼ ወደድኩት ልላችሁ ነው። ትንሽ ታገሱኝ።

ቢራው የመጣው በአጎቴ ልጅ ሻንጣ ነው። ለፋሲካ ከውጭ ሲመጣ ጣሳዎቹን በካልሲና በፎጣ ጠቅልሎ፣ ሽቶ ከሚጠብቁት እህቶቹ ደብቆ ደሴ አስገባቸው። ጣሳው ላይ «ድራይ ሆፕድ ሳወር» ይላል፣ ሆፑ ሳይፈላ የተጨመረበት ኮምጣጣ ቢራ ማለት ነው። የጠማቂውን ስም ተዉት፣ ልጁ ከሚኖርበት ከተማ ብዙም የማይወጣ የትንሽ ቤት ምርት ነው። የክራፍት ቢራ አንዱ አመሉም ይኼ ነው፣ ወደድኩት ብትል ደግመህ ለማግኘት ትቸገራለህ።

መብራት ስላልነበረ ፍሪጁ አልጠቀመንም። ግን የጦሳ ተራራ ብርድ መቼ ሊጠፋ! ማታ በረንዳ ላይ አሳደርነው፣ በቃ።

ሲቀዳ ደብዘዝ ያለ ቢጫ ነው፣ ብርጭቆውን ስትይዘው ከወዲያ ማዶ ያለው ጣትህ አይታይም። አረፋው ነጭ ነው፣ ቱፍ ብሎ ተነሳና ወዲያው ከሰመ። የልጁ እናት፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው፣ ከምድጃው ዞር ብለው አዩትና «ይኼማ ጉሽ ነው፣ ሳይጠልሉ ነው የሸጡላችሁ» አሉ። ልክ ናቸው። ስንዴ አለበት፣ አልተጣራምም።

ሽታውን በትክክል የነገረን ግን የማይጠጣው ሰው ነው። የልጅነት ጓደኛዬ ሙስሊም ነው፣ በዓል ሊል መጥቶ ቃሪቦው፣ የማያሰክረው የገብስ መጠጥ፣ ለብቻው ተቀድቶለት ተቀምጧል። ወሎ ውስጥ ይኼ ወሬም አይደለም። እኛ ብርጭቆ እያገላበጥን «አበባ ነው፣ የለም ሎሚ ነው» ስንባባል ሰልችቶት ከሩቅ አንዴ አሸተተና «ማንጎ ነው። ቆይ፣ ከሥሩ የመንደሪን ልጣጭ አለ» ብሎ ወደ ቃሪቦው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማሽተት አቃተኝ፣ ወላሂ።

የሚገርመው ጣሳው ላይ ፍራፍሬ የሚባል ነገር አልተጻፈም። ሽታው ሁሉ ከሆፑ ነው። ሲትራና ሞዛይክ የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ ዝርያዎች ናቸው የገቡበት፣ ሞዛይክ እንደውም እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አዲስ ዝርያ ነው። ሆፕ ውስጥ ያለው ዘይት ነው እንዲህ የሚሸተው፣ ሲፈላ ግን ከእንፋሎቱ ጋር ይበናል። ስለዚህ ቢራው ተብላልቶ ካበቃ በኋላ፣ እሳት ሳይነካው፣ ሆፑን ይጨምሩበትና ለጥቂት ቀናት ያቆዩታል። መራራነቱ በአብዛኛው የሚወጣው ሲፈላ ስለሆነ በዚህ መንገድ ሽታውን ታገኛለህ፣ መራራው ብዙ አይበረታም።

ወደ አፍ ሲገባ መጀመሪያ መንጋጋ ሥር ይይዛል። አፍህ በምራቅ ይሞላል። ኮምጣጤ ግን አይደለም፣ ጉሮሮ አይቧጥጥም፣ የእርጎ ዓይነት ንጹህ ኮምጣጣነት ነው። ከዚያ ያ ማንጎ ይመጣል፣ ጣፋጭነት የሌለው ማንጎ፣ እንግዳ ነገር። ስትውጠው ደግሞ መራራው ከምላስህ ጀርባ ቀስ ብሎ ይነሳና አፍህን ድርቅ አድርጎት ይሄዳል፣ ሌላ ጉንጭ ትፈልጋለህ። ነቀፋዬም እዚሁ ላይ ነው። መጨረሻው ላይ ኮምጣጣውና መራራው ይጋፋሉ፣ ትንሽ የሣር ጣዕምም አለው፣ ሆፑ ውስጡ ሲበዛ ወይም ከሚገባው በላይ ሲቆይ የሚመጣ ነው። አንዱን ብርጭቆ በደስታ ጠጣሁ፣ ሁለተኛውን ለመጨረስ ያህል።

ሁለቱን ጣዕም አንድ ጣሳ ውስጥ ማስገባት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሆፕ ቢራ ለሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ጠላት ነው። ድሮም ቢራ ውስጥ የገባበት አንዱ ምክንያት እንዳይበላሽ ነው። ስለዚህ ጠማቂው ተራውን ይጠብቃል። የብቅሉን ጭማቂ ያወጣና ሆፕ ሳያስጠጋ ላክቶባሲለስ ይጨምርበታል፣ እርጎን ከሚያኮመጥጡት ጋር አንድ ወገን የሆነ ባክቴሪያ ነው፣ ሞቅ አድርጎም አንድ ሁለት ቀን ያቆየዋል። ፒኤቹ፣ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ መጨመሩን የሚያሳየው ልኬት፣ ተራ ቢራ ላይ ከ4 በላይ ነው፣ እዚህ ወደ 3.3 አካባቢ ይወርዳል። ያኔ ያፈላዋል። ባክቴሪያው ይሞታል፣ ኮምጣጣው ይቀራል። ከዚያ እርሾ፣ በመጨረሻ ሆፕ። ቤልጂየሞች ላምቢክ የሚሉትን ኮምጣጣ ቢራ በበርሜል ለዓመታት እያቆዩ ነው የሚያኮመጥጡት፣ ይኼኛው አቋራጩ ነው።

ይኼን ለእትዬ በአጭሩ ሳስረዳቸው ምንም አልገረማቸውም። «ጌሾ የሰሰተች ለከብት ነው የጠመቀችው» አሉኝ። ነገሩ ያው ነው። ጌሾውም መራራ ብቻ አይደለም፣ ጠላው ቶሎ እንዳይኮመጥጥ ይይዘዋል። ጋኑ በግራዋ የሚታሸው፣ በወይራ የሚታጠነውም ለሽታ ብቻ አይደለም። ይኼ ሁሉ ተደርጎም ጋኑ ተከፍቶ አየር ከገባው፣ በተለይ ወደ ባቲ በኩል በሙቀቱ፣ ጠላው ሲውል ሲያድር ወደ ኮምጣጤ መሄዱ አይቀርም። ያ ግን አየር የሚወድ ሌላ ባክቴሪያ ሥራ ነው፣ ጉሮሮ የሚይዘውም እሱ ነው።

እና ጠላ ላይ ላደገ ሰው ኮምጣጣና መራራ አንድ ላይ መምጣቱ ብርቅ አይደለም። እንግዳ የሆነብኝ ፍራፍሬው ነው። ሌላው ደግሞ የጎደለው ነገር፣ እሱን እትዬ ናቸው የያዙት። ብርጭቆዬን ተቀብለው ተጎነጩ፣ አፋቸው ውስጥ ትንሽ አቆዩትና «ጥሩ ነው፤ ግን ጋኑን አላጠኑትም» አሉ።

ከምግብ ጋር ለምትሞክሩት፣ ከዶሮ ወጥ ጋር አትጠጡት። በርበሬው፣ ጋዙና መራራው ተባብረው አፍ ያቃጥላሉ፣ የልጁ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር፣ ናፍቆት ነው ብሎ ሸወደን። ከቅባታም ጥብስ ጋር ግን ሌላ ነው፣ ኮምጣጣው ስቡን ጠርጎ ይወስደዋል። ከአይብም ጋር ይሄዳል። ቀዝቃዛውን ቶሎ ጠጡት፣ ሲሞቅ መራራው ብቻ ነው የሚተርፈው። አስቀምጬ ለመስቀል እከፍተዋለሁ ማለትም አያዋጣም፣ የሆፕ ሽታ በወራት ውስጥ ይጠፋል።

ኮምቦልቻ ወርዶ ፀሐይ ላይ ለተቀመጠ ሰው ይኼን አልመክርም፣ እዚያ የሚያስፈልገው የተለመደው ቀዝቃዛ ቢራ ነው፣ ፋብሪካውም እዚያው ነው። የእኔ ምኞት ሌላ ነው። ከወረኢሉ በመጣ ገብስ፣ በጌሾ፣ በወይራ በታጠነ ዕቃ፣ ኮምጣጣነቱን ለክቶ ማቆም የሚችል ሰው ቢሞክረው። ጌሾ ማንጎ አይሸትም፣ እንጨት እንጨት ነው የሚለው፣ ይሁን። ጭሱ አለ።

ልጁ በሚቀጥለው ሲመጣ «ጎዜ» የሚባል ቢራ አመጣለሁ ብሏል። የጀርመኖች ኮምጣጣ ቢራ ነው፣ ከጎስላር ከተማ የመጣ፣ ጨውና ድንብላል የሚገባበት። ለእትዬ ነገርናቸው።

«ጨውና ድንብላል?» አሉ። «ታዲያ ሽንኩርቱንስ ምን አድርገውት ነው?»