ሂሮሺማን ለክርክር ያቀረብኩበት መንገድ

በሰፈራችን የንባብ ክበብ የክርክር መድረኩን የምመራው እኔ ነኝ። አብዛኞቹ ተሳታፊዎች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ጥቂት ጡረተኞችም ይመጣሉ። «ጦርነትን ለመጨረስ አቶሚክ ቦምብ መጣል ተገቢ ነው?» የሚለውን ርዕስ ያመጡት ልጆቹ ናቸው። እውነት ለመናገር ርዕሱ አልጣመኝም። እንዲህ ሰፊ ሆኖ ሲቀርብ አንዱ «በጭራሽ!» ይላል፣ ሌላው «ጦርነት እኮ ነው» ይላል፣ ከዚያ ሁሉም ድምፁን ከፍ እያደረገ ያንኑ ይደግመዋል።

ስለዚህ አጠበብኩት። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1945 አሜሪካ በሁለት የጃፓን ከተሞች ላይ የፈጸመችውን ብቻ እንያዝ አልኳቸው። ሂሮሺማ ኦገስት 6፣ ናጋሳኪ ኦገስት 9። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 30 እና ነሐሴ 3 ቀን 1937 ዓ.ም. መሆኑ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እስከ ዓመቱ መጨረሻ በሂሮሺማ ወደ 140,000፣ በናጋሳኪ ወደ 70,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። እነዚህን ቁጥሮች በትልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። በክርክሩ መሃል ቀና ብሎ የሚያያቸው ሰው እንዲኖር ፈልጌ ነው።

ሁለት ሕግ አወጣሁ። አንደኛው፣ ቦምቡን አጥብቆ የሚቃወም ሰው ደጋፊ ወገን ሆኖ ይከራከራል፤ የሚደግፈውም በተቃራኒው። አጉረመረሙ፣ ግን ተስማሙ። ሁለተኛው ሕግ ነው የከበዳቸው። ከኦገስት 9 ቀን 1945 በኋላ የታወቀ ወይም የተጻፈ ነገር መጥቀስ ክልክል ነው።

ይህ ሕግ ሁለቱንም ወገን እኩል ነው የመታው። ተቃዋሚዎቹ በ1946 የወጣውን የአሜሪካ የቦምብ ጥቃት ጥናት ይዘው መጥተው ነበር። ጃፓን ያለ አቶሚክ ቦምብ፣ ያለ ሩሲያ፣ ያለ ወረራም ቢሆን ከ1945 መጨረሻ በፊት እጅ ትሰጥ ነበር የሚለውን። ደጋፊዎቹ ደግሞ የዚያን ጊዜው የአሜሪካ የጦር ሚኒስትር ሄንሪ ስቲምሰን በ1947 ያሳተመውን፣ ጃፓንን በጦር መውረር ከአሜሪካ ጦር ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሙትና ቁስለኛ ያስከትል ነበር የሚለውን ግምት። ሁለቱንም ቀማኋቸው። «ታዲያ በምን እንከራከር?» አለችኝ አንዷ። የዚያን ሰሞን ሰዎች ጠረጴዛ ላይ በነበረው ነዋ!

እሱም ብዙ ነው። ለደጋፊዎቹ የጃፓኗ ደሴት ኦኪናዋ አለች። ከኤፕሪል እስከ ጁን በቆየው ውጊያ ከ12,000 በላይ አሜሪካውያን ሞተዋል። የጃፓን ወታደርና የደሴቲቱ ነዋሪ እልቂት ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ቀጣዩ ኪዩሹ የተባለው ትልቁ የጃፓን ደሴት ወረራ ነበር፤ ለኖቬምበር 1 ታቅዷል። አንዱ ልጅ፣ ያውም በልቡ ቦምቡን የሚቃወም፣ ቤቱን ጸጥ ያሰኘ ነገር ተናገረ። «ስለ አሜሪካና ስለ ጃፓን ሟች ብቻ ነው የምታወሩት። በጃፓን ወረራ ሥር በቻይና፣ በኢንዶኔዢያ በየቀኑ የሚሞተውን ማን ቆጠረው? እያንዳንዱ የመዘግየት ሳምንት የእነሱ ሞት ነው» አለ። ይህንን ነጥብ በብዙ ክርክር ላይ አላገኘውም። በልቡ የማያምንበትን ወገን ባልሰጠሁት ኖሮ እሱም የሚፈልገው አይመስለኝም።

የተቃዋሚዎቹ ጠንካራ ነጥብ የጠበቅኩት ቦታ አልነበረም። ሕፃናትና አረጋውያን እያሉ ይቀጥላሉ ብዬ ነበር፤ አሉም። ግን ሁለቱ ተማሪዎች የፖትስዳምን መግለጫ አነሱ። ጁላይ 26 አሜሪካና አጋሮቿ ያወጡት ይህ መግለጫ ጃፓንን ያለ ቅድመ ሁኔታ እጅ ስጪ ይላል። ስቲምሰን ባቀረበው ረቂቅ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ በዙፋኑ ሊቆይ እንደሚችል የሚጠቁም ሐረግ ነበር፤ ከመውጣቱ በፊት ተሰረዘ። «መጀመሪያ ርካሹን መንገድ ሞክሩ እንጂ!» አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ሂሮሂቶ በኋላ ዙፋኑ ላይ መቆየቱን ሊጨምሩ ሲሉ ግን ሕጉ ከለከላቸው። ፊታቸውን ብታዩት!

በቦምቡ ሥራ የተሳተፉት የቺካጎ ሳይንቲስቶችም ተነሱ። በጄምስ ፍራንክ የሚመራው ኮሚቴ በጁን 1945 ቦምቡ መጀመሪያ ሰው በሌለበት በረሃ ወይም ደሴት ላይ ይታይ ብሎ ነበር። ቦምቡ የተሠራበትን ቤተ ሙከራ የሚመራው ኦፐንሃይመር የነበረበት ሌላ የሳይንቲስቶች ቡድን ደግሞ ጦርነቱን የሚያስቆም ማሳያ ሊታየን አልቻለም ሲል መለሰ። እዚህ ላይ ክርክሩ ተንዛዛ፤ አሳጠርኩት።

ኪዮቶም ተነሳች። ከዒላማዎቹ ዝርዝር ውስጥ ነበረች። ስቲምሰን ጥንታዊ የባህል ከተማ ናት ብሎ አስወጣት። ደጋፊዎቹ ይህንን የኃላፊነት ስሜት ማሳያ አድርገው አቀረቡት። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ «ቤተ መቅደስ ያለው ከተማ ዳነ፣ የሌለው ተቃጠለ ማለት ነው?» ሲል ሳቅ ነበር። ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ።

እኔ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሰጠሁት ለናጋሳኪ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ቦምቦች እንደ አንድ ውሳኔ ያያቸዋል። ልጆቹንም «ሁለተኛውን ቦምብ ለመጣል የወሰነው ማን ነው? መቼ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሁሉም «ፕሬዚዳንት ትሩማን» አሉ። መቼ ለሚለው ግን መልስ ጠፋ። ለብቻው የተወሰነበት ስብሰባ የለምና። ጁላይ 25 ለአየር ኃይል አዛዡ ጄኔራል ካርል ስፓትስ የተጻፈው ትእዛዝ የመጀመሪያው ቦምብ ከኦገስት 3 ገደማ ጀምሮ፣ የአየሩ ጠባይ ሲፈቅድ ይጣል፣ ተጨማሪዎቹም እንደተዘጋጁ ይከተሉ ይላል። በቃ። ለኦገስት 11 የታሰበው በአየር ትንበያ ምክንያት ወደ 9 ተሳበ። አውሮፕላኑም መጀመሪያ የሄደው ወደ ኮኩራ ነበር። ከተማዋ ስላልታየች ወደ ናጋሳኪ ዞረ።

በዚያው ዕለት ማለዳ የሶቪየት ጦር በጃፓን እጅ የነበረችው ማንቹሪያ ገብቷል። ቶኪዮ ውስጥ ስድስቱ የጦርነት ምክር ቤት አባላት ተሰብስበው ሳለ የናጋሳኪ ወሬ ደረሰ። ከዚያም በኋላ እጅ በሚሰጥበት ሁኔታ ላይ ሦስት ለሦስት እንደተከፈሉ ቀሩ። ያንን የፈታው ሌሊቱን ንጉሠ ነገሥቱ ነው። ታዲያ ጃፓንን ያንበረከከው ቦምቡ ነው ወይስ ሶቪየት? ሁለቱ በሦስት ቀን ውስጥ ስለተደራረቡ አንዱን ከሌላው ነጥሎ መመዘን ይከብዳል። «ቦምቡ ጦርነቱን አስቆመ» ብሎ በእርግጠኝነት የሚጀምር ሰው ሲገጥመኝ አሁን ትዕግሥቴ አጭር ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ ወታደር አባታችን እስከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። «ልጆቼ፣ ትእዛዝ አንዴ ከወጣ አቁም የሚል እስኪመጣ ይሄዳል» አሉ። አቁም የሚለው የመጣው ኦገስት 10 ነው። ትሩማን ያለ እሱ ፈቃድ ሦስተኛ ቦምብ እንዳይጣል አዘዘ። ናጋሳኪ ግን አንድ ቀን ቀድማ ነዳለች።

የእኔን አቋም ከጠየቃችሁኝ፣ የሂሮሺማን ደጋፊ ባልስማማም ቁጭ ብዬ አዳምጠዋለሁ። ለናጋሳኪ የቀረበልኝ ምክንያት ግን እስካሁን አላሳመነኝም። ሦስት ቀን ለመጠበቂያ አጭር ነው። ሂሮሺማ ምን እንደደረሰባት ቶኪዮ በቅጡ አጣርታ ሳትጨርስ ነው ሁለተኛው የወረደው።

እንዲህ ያለ ክርክር ማዘጋጀት ለሚፈልግ ሰው የምመክረው አንድ ነገር አለ። መጨረሻ ላይ ድምፅ አታሰጡ። እኔ ወረቀት አደልኩና «አቋምህን የሚያስቀይር መረጃ ምንድን ነው?» ብዬ ጻፍኩበት። ከመልሶቹ አዲስ አሰላለፍ ወጣ። አንዳንዱ «ምንም የለም፣ ሰላማዊ ሰው ዒላማ አይደረግም» ብሏል። እሱ የሚሟገተው በመርህ ነው፤ ቁጥር ብታመጣለት አይሰማህም። ሌላው «ወረራው የሚገድለው ከቦምቡ ካነሰ እቀይራለሁ» ብሏል። እሱ በስሌት ነው። ቀኑን ሙሉ አንድ ወገን ሆነው ቦምቡን ያወገዙ ሁለት ጓደኛሞች በዚህ ወረቀት ተለያዩ። አንዷ የመርህ፣ አንዱ የስሌት ሰው ሆነው ተገኙ። እስከ ታክሲ ድረስ ሲጨቃጨቁ ነበር።

መበታተን ሲጀምሩ ሕጌን አንስቼ አንድ ነገር ነገርኳቸው። ኖቬምበር 24 ቀን 1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የኑክሌር መሣሪያን መጠቀም በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው የሚል ውሳኔ አሳልፏል። ሐሳቡን በግንባር ቀደምትነት ያቀረበችው ኢትዮጵያ ናት። 55 ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። አሜሪካና ብሪታኒያ ከተቃዋሚዎቹ ነበሩ። አንዱም ልጅ አልሰማም ነበር። ወታደሩ አባታችን ግን ወዲያው የጣሊያንን መርዝ ጋዝ አነሱ። የ1925ቱ የጄኔቫ ስምምነት ጋዝን ከልክሎ፣ ጣሊያንም ፈርማ፣ በ1935 እና 1936 በወገኖቻችን ላይ መርጨቷን። «ከተከለከለ በኋላ እኮ ነው የረጩብን» አሉ። የስሌቱ ልጅ ከበሩ ተመልሶ ተቀመጠና ሌላ ግማሽ ሰዓት ፈጀን።